ጣሪያው ቀድሞ፣ ጭቃው ኋላ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3፤ ጧት 4፡20

መብራት አለ። ፎቶ ኮፒው እየሞቀ፣ ደንበኛ የለም። ሃያ ሁለት ጡብ አስቀመጥኩ፤ አሥራ አንዱን መልሼ ነቀልኩ። ክብ ቤት በማዕዘናም ጡብ አልሠራ ካለኝ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ። ደስ ይለኛል ግን። እንዴት ደስ እንደሚለኝ ለሰው ባወራ አበደች ነው የምባለው፤ ለዚያ ነው ላንቺ የማወራው፣ ደብተሬ።

ጡብ ስልሽ የሸክላ እንዳይመስልሽ። የልጆች መጫወቻ ነው። ከላዩ ጉብ ጉብ ያለ፣ ከሥሩ ባዶ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ቀጭ ብሎ የሚገባ ፕላስቲክ። እኔ ጋ እሱም የለም። የኔው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ልጄ ብርቱ ባ/ዳር ሕፃናት ታስተምራለች፤ ለገና መጥታ የጡቡን ፕሮግራም የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ጫነችልኝ። ጡቡን በማውስ ታነሻለሽ፣ ታስቀምጫለሽ፤ ቀለሙን ትመርጫለሽ፤ ብታዞሪው ጀርባውን ያሳይሻል፤ ካሻሽ ከላይ እንደ ጭላት ሆነሽ ታይዋለሽ። አያልቅም። አይወድቅም። ብርቱ ለልጆቹ ቀላል ነገር ንደፊልኝ ነበር ያለችኝ፤ ዶሮ፣ ወንበር። ዶሮውን በአንድ ቀን ጨረስኩ። ከዚያ እጄ ዝም ብሎ ያባቴን፣ ያባየን ቤት ጀመረ። ጣና ዳር ሜዳው ላይ ያለውን፣ የተወለድኩበትን የሳር ቤት።

ሰው መጣ። መታወቂያ ሊያስኮፒ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5፤ ከሰዓት

አያ ጌጡ ገበያ መጥቶ እኛ ጋ አደረ። ታላቅ ወንድሜ፤ እዚያው ሜዳው ላይ ከሩዙና ከከብቱ ጋር የቀረው። የሽንብራ እሸት ይዞ መጣ። እማየ ፊት ተቀምጦ ባርኔጣውን አወለቀ። ያኔ ነው ነገር እንዳለ ያወቅኩት።

ነገሩ ይህ ነው። ልጁ ከፋሲካ በኋላ ያገባል፤ ጎጆ መውጫ ቦታ የለውም። መሬትስ ሞልቷል፤ ክረምት ውሃ የማይወጣው ግን ጉብታው ብቻ ነው። የጉብታውን ግማሽ የአያ ቆርቆሮ ቤት ይዞታል፣ ግማሹን ያባየ ቤት። ያባየ ቤት ሰው አይኖርበትም። ይፍረስ በይና ላፍርሰው ነው የሚላት። ከሰኔ በፊት አዲሱ ማለቅ አለበት።

እማየ እሸቱን እየፈለፈለች አዳመጠች። ዓይኗ ከጠፋ ሁለት ዓመቷ፣ ዳሌዋ ከተሰበረ አንድ። በዚያ መንገድ ባጃጅ ላይ ብትወጣ ሰባብሮ ይጨርሳታል። በመጨረሻ፣ «ሳላየው ይፍረስ አልልም። አይፍረስም አላልኩም» አለች።

«እንዴት አድርገሽ ታይዋለሽ፣ እማየ?» አለ አያ።

«እሱን እናንተ ታውቃላችሁ። ልጅ የወለድኩት ለምን ሆነና።»

አያ ያለሷ ቃል አንዲት ሰበዝ አይነቅልም። እሱ እንዲያ ነው። እስከ ደብረ ዘይት እጠብቃለሁ ብሎ ሄደ።

እኔ እንዳይፈርስ ነው የምፈልገው። ለማንም አልተነፈስኩም፤ ላንቺ ብቻ።

እሑድ፣ የካቲት 8፣ ቅበላ

ከተማው ሁሉ ሥጋ ላይ ነው። እኔ ሱቅ ዘግቼ ውስጥ ነኝ። ምክንያቱም ሐሳብ መጣልኝ፤ ቅዳሴ ላይ ቆሜ መጣልኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እማየ በእጇ ትየዋ።

ብርቱ ት/ቤት ሣጥን ሙሉ እውነተኛ ጡብ አለ። እኔ እዚህ ልንደፍ። ፕሮግራሙ የአሠራር መመሪያ በሥዕል ያወጣል፤ መጀመሪያ ይህን፣ ቀጥሎ ይህን እያለ። ብርቱ እዚያ ትገጣጥመው፤ ለደብረ ዘይት ይዛው ትምጣ። ደወልኩላት። ሳቀች። ከዚያ ድምጿ እንባ እንባ አለ። እሺ አለች፤ ግን ሣጥኑ ውስጥ የሌለ ጡብ እንዳልነካ አስጠነቀቀችኝ። ክብ የለኝም፣ ያለኝን ቆጥሬ እልክልሻለሁ አለች። እንግዲህ ክቡን ቤት ባለ አሥራ ስድስት ማዕዘን አደረግኩት። ከሩቅ ክብ ነው። እጅ ምን እንደሚል እንጃ።

ቆጡን ሠራሁ ዛሬ። አምስታችንም ልጆች እዚያ ላይ ነበር የምንተኛው፤ ከሥራችን ጥጃዎቹ ያመሰኳሉ፤ ያ ድምፅ ያስተኛል። ነሐሴ ላይ ውሃው የበሩ ደፍ ድረስ ይመጣና ቤታችን ደሴት ይሆናል። አንድ ጊዜ እሳታችን ጠፍቶ፣ እንጨቱም ክብሪቱም እርሶ፣ አባየ በታንኳ ጎረቤት ሄደ። ፍሙን በገል ይዞ ሲመለስ ደፉ ላይ ተደርድረን አየነው። እሳት በውሃ ላይ ሲመጣ። አባየ ቁጭ ብሎ በአንድ እጁ ይቀዝፋል፣ በአንዱ ነፋሱን ይከልላል። እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ አይቻለሁ፤ ያን የሚያህል አላየሁም።

ራቴን ረሳሁ። ነገ ጾም ነው፣ ሄጄ ልብላ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14፤ 9 ሰዓት

በሰለ። ሬንደር ይሉታል፤ እኔ ማብሰል ነው የምለው። የሠራሽውን ጡብ እውነተኛ ፎቶ አስመስሎ ያወጣዋል፤ ጥላው ሳይቀር። ፀሐይዋን የምታስቀምጪው አንቺ ነሽ። እኔ በጣና በኩል፣ ልትጠልቅ ስትል አደረግኳት። ምስሉ መጀመሪያ እንደ አሸዋ ብትን ይላል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይጠራል። ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ትናንት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ሄደ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ዛሬ ከመጀመሪያው።

ለክዳኑ ሰባት ዓይነት ቢጫ ሞከርኩ። የመጀመሪያው ሎሚ ሆነ፤ ሦስተኛው እርድ። ስድስተኛው ላይ አዲስ የተከደነ ሳር መጣ፤ ሰባተኛውን ለአመሉ ነው የሞከርኩት። አትሜ ከፎቶ ኮፒው በላይ ለጠፍኩት።

ከአ/አ የመጣው መምህር ፈተና ሊያባዛ ገብቶ አየው። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ይዘሽ ጎጆ ከምትሠሪ ቪላ አትሠሪም፣ አለኝ። ቪላው ውስጥ ማንን አውቃለሁ አልኩት። ሳቀ። ፈተናው ውስጥ የፊደል ስሕተት ነበረበት፤ አረምኩለት፣ እንዳይቀየመኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 18

ከፋኝ። አያ ጌጡ ወረቀት ሊያስኮፒ መጥቶ ምስሉን አየ። ጣቱን ክዳኑ ላይ አሄደው።

«የሺ፣ ይሄ አሁን ያለው ቤት አይደለም።»

ነው እንጂ አልኩት።

«አይደለም። ይሄ ድሮ ያለው ነው። አሁንማ በስተኋላ ተንበርክኳል፤ ሳሩ ጠቁሯል። መቼ ነው ገብተሽ ያየሽው?»

ወረቀቱን ተቀብዬ ማሽኑ ላይ አደረግኩ። ለበዓል ስንሄድ የምንቀመጠው ቆርቆሮ ቤቱ ነው፤ ያባየን ቤት ከውጭ አይቼ ነው የማልፈው። ስንት ዓመት እንደሆነ ላንቺም አልነግርሽ። ቀጠለ፤ ቤቱን ጠልቼ መሰለሽ፣ እኔም የተወለድኩበት ነው አለ። ለእማየ እንደጎበጠ አልነገርኳትም፣ አንቺም አትንገሪያት አለ። እሺ አልኩ፤ አኮረፍኩና ሻይ ሳልጋብዘው ወጣ። ወዲያው ቆጨኝ። ሁለት ዳቦ ገዝቼ መናኸሪያ ድረስ ሮጥኩ። መኪናው ወጥቷል። ዳቦውን መንገድ ላይ በላሁት፣ ሁለቱንም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 24፤ 11 ሰዓት

ጎኔን እስኪያመኝ ሳቅኩ። መመሪያውን ለብርቱ ልኬላት ነበር፣ ስልሳ አንድ ገጽ። ዛሬ ደወለች፤ ሦስት ጊዜ ፈርሶባታል። ፕሮግራሙ መመሪያ የሚያወጣው እኔ ጡቡን ባስቀመጥኩበት ተራ ነው። እኔ ያስቀመጥኩት ደግሞ ቤት እንደሚሠራው። ምሰሶ፣ ዙሪያውን ቋሚ፣ ማገር፤ ከዚያ ጣሪያና ክዳን። ጭቃው መጨረሻ።

«እማ፣ ግድግዳ ሳይኖር ጣሪያ?»

«ታዲያ ጭቃውን ዝናብ ይጠበው? መጀመሪያ ይከደናል፤ ከዚያ ጥላው ሥር ሆነሽ ትመርጊያለሽ።»

«ይሄ እንጨት አይደለም እኮ፤ ቋሚዎችሽ እንደ ክብሪት የቀጠኑ ናቸው። ሕፃናቱ ፊት ነው የተደረመሰው።»

«ምን አሉ?»

«አጨበጨቡ። ድገሚው አሉኝ።»

እኔ ጋ ግን ቆሞ ነበር። ኮምፒውተር ውስጥ አየር ላይ ብታስቀምጪውም ይቆማል፤ ክብደት አያውቅም። ለዚያ ነው ሳይታወቀኝ የቀረው።

ሐሙስ፣ የካቲት 26

ተራውን ገለበጥኩት። ጭቃው ቀድሞ፣ ጣሪያው ኋላ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እጄ ይከብደኛል፤ አባየ ከጀርባዬ ቆሞ ምን ማለትሽ ነው የሚለኝ ይመስለኛል።

ለእማየ አወራኋት፤ ሳቀች፤ ከዚያ ወሬዋ መጣ። ቤቱ ሲሠራ ደቦው ክዳኑን በአንድ ቀን ጨርሶ ጠላውን ጠጥቶ ሄደ አለች። ጭቃው ለሷ ቀረ። ጌጡን አርግዛ ነበር። ጭዱን ከጭቃው እያዋሃደች ዘጠኝ ቀን ረገጠች፤ በዘጠነኛው አባየ እግሯን ራሱ አጠበላት። ይህን ነግራኝ አታውቅም። ስታወራ ድምጿ የልጃገረድ ሆነ።

አይፍረስ ትላለች። አሁን እርግጠኛ ነኝ። በደስታ የአንድ ደንበኛ ወረቀት ሁለት ጊዜ አባዛሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 5

ብርቱ ገባች። ካርቶኑን ከባ/ዳር እስከዚህ ጭኗ ላይ አድርጋ። ረዳቱ ኬክ ነው ወይ ብሏት፣ የአያቴ ቤት ነው ብላው፣ ከዚያ ወዲያ አላናገራትም።

ከፈትኩት። ጣሪያው ቀይ። ግማሹ አረንጓዴ። ቢጫውን ልጆቹ ፀሐይ ሠርተውበት አናፈርስም አሉ። ሰባት ዓይነት ቢጫ የሞከርኩ ሴት፣ ደርቄ ቀረሁ። ምነው ልጄ ልል አፌን ስከፍት ብርቱ ወደ እማየ አልጋ አየት አደረገች፤ ወደኔ ዞረች። ገባኝ። ወር ሙሉ ለማን ነበር ቀለም የምመርጠው? ለራሴ።

እሑድ፣ መጋቢት 6፣ ደብረ ዘይት፤ 6 ሰዓት

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጭኗ ላይ አስቀመጥንላት። ትንሽ ነው፣ የእንቅብ ያህል። መጀመሪያ መዳፏን ክዳኑ ላይ አሳረፈች፤ የልጅ ራስ እንደሚዳሰስ። ከዚያ ዙሪያውን። ክብ ያላችሁት የማጭድ ጥርስ ነው አለች። በሩን አገኘችና ሁለት ጣቷን አስገባች። ብርቱ ክዳኑን አነሳችላት። ምሰሶውን ያዘች። መደቡን፣ ቆጡን፣ የጥጃውን ጋጣ፣ በተራ፣ ስም እየጠራች። አንዱንም አልሳተችም።

መሐሉ ላይ ጣቷ ቆመ። ምድጃውስ አለች።

ምድጃ አላደረግኩም። አሥራ ስድስት ማዕዘን፣ ስልሳ አንድ ገጽ፣ ምድጃ የለም።

«አሁን እዚያ እሳት የሚያነድ አለ?»

የለም አልኳት።

«ጌጡ ቆርቆሮው ከገባ ወዲህ?»

አዎ።

«ጭስ ያጣ የሳር ቤት ምስጥ ይበላዋል። ጎኑ ወድቋል መሰለኝ። ጌጡ እንዳላዝን ነው ዝም ያለኝ።» ብርቱ አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። እማየ ምሰሶውን እንደያዘች፣ «ይፍረስ» አለች። «ክዳኑን በመጥረቢያ እንዳይነካ ግን፤ ማሰሪያውን ፈቶ ያውርደው። ምሰሶው ደህና ከሆነ ለልጁ ቤት ይሁን። ጉብታው ላይ እሳት ይንደድ እንጂ፣ የማን እሳት ነው ብዬ አልጠይቅም።»

ብርቱ ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። ከዚያ የክዳኑን ቀለም ጠየቀች። ብርቱ እውነቱን ነገረቻት፤ ቀይና አረንጓዴ። እማየ ሳቀች፤ እኔንም ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ አልብሳችሁኛል አለች። አሁን ተኝታለች። ቤቱ ከራስጌዋ ነው፤ አንሱልኝ አላለችም።

ያው ዕለት፤ 10 ሰዓት፣ ሱቅ

አያ ዛሬ የእማየን ቃል ይጠብቃል። የማደርሰው እኔ ነኝ። ብርቱ ደወልሽ ወይ እያለች ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ አሁን እያልኩ ወጥቼ እዚህ መጣሁ። እሑድ ተዘግቶ ሱቁ ሌላ ነው፤ የማሽኑ ሽታ ብቻ።

ምን እያሰብኩ እንደመጣሁ ልንገርሽ። እማየ ገና አልወሰነችም፣ ትንሽ ቆይ ልለው። እሱ ይቆያል፤ ካሉት በላይ ይቆያል። ሰኔ ይገባል፣ ዓመቱ ያልፋል፣ ቤቱ ይተርፋል። እማየ ስልክ የላት፣ ብርቱ ባ/ዳር ትመለሳለች፤ ማን ያውቅብኛል? ቀላል ነው። እንደ ፕሮግራሙ፣ አየር ላይ አስቀምጬው ይቆማል።

የአያን ልጅ ግን አሰብኩት። ክረምቱን የት ሊገባ ነው? ሙሽራይቱን የት ሊያስገባት? ደሞ ስሟን አላውቅም። ወር ሙሉ አያ ሁለት ጊዜ መጣ፤ የሳር ቀለም አሳየሁት እንጂ የልጁን ሚስት ስም አልጠየቅኩትም። እኔ አክስት ነኝ እኮ።

የሚያፈርሱበትን ቀን እጠይቀዋለሁ። ያን ቀን ሱቅ አልከፍትም፤ እሄዳለሁ። እገባለሁ፣ ውስጡን አያለሁ፣ ጠቁሮም ጎብጦም። ማሰሪያውን ስንፈታ እኔም አንዱን ጫፍ እይዛለሁ። ከዚያ ለአዲሱ ቤት ጭቃ የሚረግጥ ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ እግር አለኝ።

የአያን ቁጥር ነካሁት። ስልኩ ግራ ጆሮዬ ላይ ነው፣ በቀኝ ነው የምጽፍልሽ። ይጠራል። መጀመሪያ የሙሽራይቱን ስም እጠይቃለሁ። ከዚያ የእማየን ቃል፣ እንዳለችው፣ አንድም ሳልጨ—

አነሳ።