የሮኬት ቃላት በአባባ ሉህ

ለውድ ወንድሜ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ አንተም ደህና፣ ሥራህም ደህና፣ በየክረምቱ የሚነሣብህ ሳልም ለቆህ እንዲያገኝህ አላህን እለምናለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። ከሰላ ከተማ ያው እንደምታውቃት ናት፤ ሙቀቱ ፋታ አይሰጥም፣ አቧራው ከተራራው ሥር እየተነሣ የምናድርበትን የትምህርት ቤት ክፍል ይሞላዋል፤ ጠርገን ጠርገን ሲሰለቸን ትተነዋል። ከሁሉ አስቀድመህ የአባባን ጤና እንደምትጠይቅ አውቃለሁ። በተራው እደርስበታለሁ፤ አታቻኩለኝ።

ያልደወልኩት ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም። ብደውል ገና «አሎ» ስል ድምፄን ትለየዋለህ፤ ከዚያ ወዲያ የምነግርህን አትሰማኝም። በወረቀት ግን ከመጀመሪያው ጀምሬ በሥርዓቱ ልነግርህ እችላለሁ። የሐጃ ሲተና የእህት ልጅ ቅዳሜ በመርከብ ወደ ጅዳ ስለሚሻገር በእሱ እጅ ልኬዋለሁ። ሐጃ ሲተና ከመጋረጃችን ወዲያ የምትኖር፣ ጦርነቱ እንደ እኛ አፈናቅሏት ከሲንጃ የመጣች ሴት ናት። አፏ አያርፍም፤ እጇም አያርፍም፤ የሠራችውን ሙላህ ወጥ ሳታካፍለን የበላችበትን ቀን አላስታውስም።

ከረመዳን በፊት የላክህልኝን የቃላት ዝርዝር ታስታውሳለህ። አራት ዓመት ሙሉ ስለ ሞገድና ስለ አንቴና የተማርኩት በዐረብኛ ነው። ነገሩን አውቀዋለሁ፤ ስሙን ነው የማላውቀው። አንተ ያገኘህልኝ ያ የሳተላይት ማሠልጠኛ የሚጠይቀው ደግሞ ስሙን ነው፤ ያውም በእንግሊዝኛ። አንተም አዝነህልኝ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቃል ሰብስበህ፣ ከነዳጁ ተነሥተህ፣ ሮኬቱን አስወንጭፈህ፣ ሳተላይቱን ምህዋሩ ላይ አድርሰህ፣ መጨረሻ ላይ መሬት ባለው አንቴና ዘጋኸው። አነባበቡ እንዳይከብደኝ እያንዳንዱን በዐረብኛ ፊደል ጻፍክልኝ። «ፐ» በሌለው ፊደላችን «ፔይሎድ» «ቤይሎድ» ሆኖ ቀረ፤ እሱስ ምንም አልነበረም።

ፈተናውን ያለፈ ሰው አንድ የቤተሰብ አባል ይዞ ወደዚያ አገር መግባት እንደሚችል፣ እዚያ የኩላሊት እጥበት በሳምንት ሦስት ጊዜ እንደሚሰጥ የነገርከኝን ለአባባ አልነገርኳቸውም። እዚህ ተራ የሚደርሳቸው ለሆስፒታሉ ጄኔሬተር ናፍጣ ሲገኝ ነበር፤ ናፍጣ ደግሞ በአሥር ቀንም ሊገኝ ይችላል፣ በአሥራ አምስትም። ለእሳቸው ሲባል መሆኑን ቢያውቁ ኖሮ «እኔ ዕድሜዬን በልቻለሁ» ብለው ዝርዝሩን ያስጥሉኝ ነበር። እኔ ሥራ ፍለጋ እንደምፈተን ብቻ ነው የሚያውቁት።

አንድ ቀን ዕቃ እያጠብኩ ሳነበንብ ሰሙኝ። ምን እያልኩ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እንግሊዝኛ ነው አልኳቸው። ትንሽ አዳምጠው፣ «እንዲህ ቃል እንደ ዶሮ ጥሬ እየለቀምሽ በሕይወትሽ አትይዢውም፤ ሉሁን አምጪው» አሉኝ። ሸሽተን ከመደኒ ስንወጣ አንተ የላክህላቸውን ብርድ ልብስ ጥለው ያንን አሮጌ የእንጨት ሉህ ታቅፈው ሲወጡ ተጨቃጭቄያቸው እንደነበር ነግሬሃለሁ። እንደምታውቀው በዚያ እንጨት ላይ ከቁርአን በስተቀር ሌላ ቃል ተጽፎበት አያውቅም። ቃላቱ ስለ ሰማይ ናቸው ስላቸው ግን የአላህ ሰማይ ስለሆነ ግድ የለም አሉና ራሳቸው ቀለሙን በጠበጡልኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ ንጋት ላይ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ትምህርት ሆነ። አሥር ቃል እጽፋለሁ፤ እየጮኽኩ እቀራለሁ፣ እንደ ቁርአን አነበንባለሁ፤ ዓይናቸው ስለደከመ እሳቸው በጆሯቸው ይይዙታል። ሦስት ጊዜ ሳልሳሳት ስወጣው ሉሁ ይታጠባል። «አሁን እንጨቱ ላይ የለም፤ አንቺ ጋ ከሌለ የትም የለም» ይሉኛል። ስልኬ ላይ እንዳለ አልነገርኳቸውም። በማግሥቱ አዲሶቹን አሥር ከመጀመሬ በፊት ያለፉትን ሁሉ ከነዳጁ ጀምሬ ማውረድ አለብኝ። አንድ ከዘለልኩ ጣታቸው መዳፌን መታ ያደርጋል። እንግሊዝኛ አንድ ፊደል የማያውቁ ሰው ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱንም ከእኔ ቀድመው በቃላቸው ሐፈዟቸው፤ ብታምንም ባታምንም። ተሳስቼ ስቆም «ከግፊት በኋላ ፍጥነት ነው ልጄ» የሚሉኝ ሁለቱን ቃል በእንግሊዝኛው እየጠሩ ነው፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ጠይቀውኝ አያውቁም። ትርጉም ከሐፍዝ በኋላ ይመጣል ባይ ናቸው።

ሐጃ ሲተና መጋረጃውን ገልጣ ታሾፍብናለች። «እኛ ዱቄት አጥተናል፣ እናንተ ወደ ጨረቃ ስንቅ ትቋጥራላችሁ። ስትደርሺ ለኔም ክፍል ያዢልኝ፤ ጎረቤቷ በሌሊት የማትጮኽ ይሁን» ትለኛለች። አባባ ለእሷም መልስ አያጡም፤ «አንቺ ከሄድሽማ ጨረቃም ሰላም አታገኝ» ይሏታል። እግራቸው አብጦ መቀመጥ ባቃታቸው ቀን እንኳ ተኝተው ያስተምሩኝ ነበር።

አሁን የምነግርህን ለማንም አልተናገርኩም። በሦስተኛው ሳምንት ነገሩ እንደማያዋጣ ገብቶኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ሆኜ ስልኬን ከፈትኩና ከመካከል አንድ የዐረብኛ ቃል መርጬ እንግሊዝኛውን ለማምጣት ሞከርኩ። አልመጣም። ከነዳጁ ተነሥቼ ስወርድ ግን በቦታው ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ሌላ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ለአባባ ነገርኳቸው፤ ፈታኞቹ እያዘበራረቁ ነው የሚጠይቁት አልኳቸው። «አርባ ዓመት በኸልዋው ቁርአን አስተምሬ ከመካከል ጠይቀውት የወደቀ ደረሳ የለኝም። መጀመሪያውን የያዘ መካከሉ አይጠፋውም» አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ።

እሺ ማለት አልነበረብኝም። ከሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ የኔ ነበር፤ ቃላቱን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ፣ አዘበራርቄ፣ እሳቸው ሳያውቁ ማጥናት እችል ነበር። አላደረግኩትም። ምክንያቱን ከነገርኩህ እንዳትስቅብኝ። አንተ ኸልዋው ውስጥ እሳቱ ዙሪያ ተቀምጠህ ስትማር እኔ ከግድግዳው ጀርባ ቆሜ ነበር የምሰማው። ስትሳሳት የምትቀምሰው አለንጋ እንኳ ያስቀናኝ ነበር። በሃያ ስድስት ዓመቴ የአባባ ደረሳ፣ ተማሪያቸው ሆንኩ፤ ከእሳቸው የተለየ ሌላ ጥናት መጀመር ደረሳነቴን የሚያስነጥቀኝ መሰለኝ። ለራሴ ደስታ ስል የእሳቸውን ሕይወት ቁማር ተጫወትኩበት፤ ሌላ ስም የለውም።

ፈተናው ባለፈው ወር በአንዱ ማክሰኞ ሆነ። ከዚያ በፊት አሥራ ሦስት ቀን የእጥበት ተራ አልደረሳቸውም። ጠዋት ልሰናበታቸው ስገባ ፊታቸው አብጦ፣ ትንፋሻቸው አጥሮ ነበር፤ ልቅር ብላቸው ተቆጡኝ። «አስተማሪሽን ልታሳፍሪ ነው?» አሉኝ። ሐጃ ሲተና እኔ አለሁ ብላ ገፍታ አስወጣችኝ።

ገበያው ዳር ጣሪያው ላይ የሳተላይት ሳህን የተከለ የኢንተርኔት ሱቅ አለ፤ ፈተናው በዚያ በስክሪን ነበር። ግራና ቀኜ ሰው ውጭ አገር ካሉ ዘመዶቹ ጋር እየተላቀሰ ያወራል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ሰውና አንዲት ሴት በስክሪኑ ላይ ብቅ አሉ። ጥያቄው ሃያ ነው፤ ለእያንዳንዱ ግማሽ ደቂቃ። የመጀመሪያው፣ ሮኬት የሚያቃጥለው ምንድን ነው የሚል ነበር፤ ወዲያው መለስኩ። ሁለተኛውም በዝርዝሩ አናት ላይ ያለ ሆነልኝ። ሦስተኛው ላይ፣ ሳተላይት ተሸክሞት የሚወጣው፣ ሥራውን የሚሠራበት መሣሪያ ምን ይባላል ብለው ጠየቁኝ። ያ «ቤይሎድ» ነው። ዘጠና አራተኛ ነው። ከነዳጁ ጀምሬ በሆዴ መውረድ ያዝኩ፤ ስድሳ ላይ ስደርስ ሰዓቱ አለቀ። ሴትየዋ «እህቴ፣ ትንሽ ቶሎ ቶሎ» አለችኝ በዐረብኛ፤ ደግ ሴት ናት። ቶሎ ቶሎ ስል ደግሞ እየዘለልኩ ተመልሼ ከነዳጁ። ከሃያው አራት መለስኩ።

ሲጨርሱ አንድ ነገር ፍቀዱልኝ አልኳቸው። ሁሉንም ልበላችሁ፤ ሁሉንም አውቃለሁ አልኩ። ተያዩ። ሴትየዋ ፈቀደች። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱን አንድ ሳልስት፣ በኸልዋው ዜማ አወረድኩላቸው። ስከፍት ግራና ቀኜ የነበሩት ሁሉ ስልካቸውን ትተው ያዩኛል። ሰውየው «ማሻአላህ» አለ፤ ቀጠለና «ግን እህቴ፣ ሳተላይቱ ከምህዋሩ ሲወጣብን አንቺ ከነዳጁ ልትጀምሪልን ነው?» አለኝ። እኔም ሣቅኩ፤ ምን ላድርግ፣ እውነቱን ነው። ሴትየዋ አልሣቀችም። ለሚቀጥለው ዓመት ሞክሪ አለችኝ።

የሚቀጥለው ዓመት የሚባል ነገር እንዳልነበረን እሷ በምን ታውቃለች።

መንገድ ላይ አባባን ምን እንደምላቸው ሳሰላ መጣሁ። በአንተም ተናደድኩ፤ ቃላቱን እንደ ተረት አሰናድተህ ባትልክልኝ ኖሮ እያልኩ። ይቅር በለኝ፤ አንተ መንገዱን ልታሳየኝ ነው። ክፍሉ ስደርስ ሐጃ ሲተና የገመድ አልጋቸውን ወደ መካ፣ ወደ ቂብላ አዙራዋለች፤ ሰዎችም ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ቆመዋል። አሰላሙ ዓለይኩም ብዬ ስገባ አባባ ድምፄን ለዩት። እንዴት ሆነ አሉኝ። ሁሉንም አልኩላቸው አልኳቸው። ውሸት አይደለም። «አንድም አልዘለልሽ?» አሉኝ። አንድም አልኳቸው። ፊታቸው በራ፤ ወላሂ አንተ ዲግሪህን የያዝክ ቀን እንደዚያ አላየኋቸውም። «በይ እኔም ልስማው» አሉና እጃቸውን መዳፌ ላይ አደረጉ።

ሐጃ ሲተና ተቆጣች። ሰው በዚህ በጣር ሰዓት የያሲንን ሱራ ነው የሚሰማው፤ ይህን የባዕድ ነገር ተይና የምስክርነቱን ቃል አስብዪው አለችኝ። አባባ ሸሃዳቸውን ጥርት አድርገው አሉላት፤ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ወደኔ ዞረው «ቀጥይ» አሉኝ።

ቀጠልኩ። ከነዳጁ ተነሣሁ። በሩ ላይ የቆሙት ሽማግሌዎች የምቀራው ከየትኛው ሱራ እንደሆነ ግራ ገብቷቸው አንዱ ሌላውን ይጠይቃል። ስልሳዎቹ አካባቢ ድካሙ ይዞኝ አንድ ዘለልኩ፤ ጣታቸው መታ አደረገኝ፤ ተመለስኩና አስተካከልኩ። ሮኬቱ ወጣ። ሳተላይቱ ተለየ። መቶ ሠላሳን ሳልፍ እጃቸው ከበደኝ። ፊታቸውን ለማየት ስላልደፈርኩ ሆን ብዬ አንድ ቃል ዘለልኩ። ጣታቸውን ጠበቅኩ። ሁለት ዘለልኩ። ከዚያ አሥር ዘለልኩ፣ አንድ ሉህ ሙሉ፤ ድምፄንም ከፍ አደረግኩ። ሐጃ ሲተና መጥታ በቀስታ አፌን በእጇ ያዘችና ያሲንን ጀመረች።

የዝርዝሩን መጨረሻ አላልኩትም። እስከ ዛሬም አላልኩትም።

ከቀብሩ ወዲህ ሰዉ አልተለየኝም። የኸልዋው የድሮ ደረሶች ከየመጠለያው ተፈላልገው መጥተዋል፤ ሃያ ሰባት ቆጥሬያለሁ፤ አንተን የሚያስታውሱ አሉ፣ ሰላም ብለውሃል። የሚመጣው ሐሙስ እንደገና ተሰብስበው ቁርአን ሊቀሩ ተነጋግረዋል። ልምጣ እንዳትል፤ መንገዱን የሚያውቁ ሁሉ አይሆንም ይላሉ፤ ብትደርስም ደግሞ የምትደርስለት ነገር የለም። ለመጪው ዓመት ፈተና መዝግቤሻለሁ እንዳትለኝም እለምንሃለሁ። ይዤው የምገባ ሰው የለኝም።

አላህ በሰው አገር ከክፉ ይጠብቅህ፤ ጤናህን አያጉድልብህ፤ ልጆች ወልደህ የአባባን ስም ለማስጠራት ያብቃህ። ብቻዬን ነኝ ብለህ አትጨነቅ፤ ሐጃ ሲተና መጋረጃውን ቀድዳ ጥላዋለች፣ አሁን አንድ ክፍል ሆነናል።

አንድ አደራ አለኝ። አባባን በዱዓህ ስታነሣ የፈተናውን ነገር አታንሣባቸው። እንዳለፍኩ ነው የሚያውቁት፤ እንደዚያው ይቅር።

ታናሽ እህትህ
ከሰላ