የአማቲቱ ቦት

ውድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ከዚያም በላይ እህቴ፤

ትናንት ፍርድ ቤት ነበርን። እናትሽ ከፊተኛው ወንበር ላይ ጉልበታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ልጃቸው በገዛ ጥፋቷ ሞተች ሲባል እንዳይሰሙ ብዬ፣ እንዳይመጡ ለምኛቸው ነበር። እንቢ አሉ።

የልብስ እጥበት ቤቱን ትልቁን ማሽን «አማቴ» ብለሽ የሰየምሽው አንቺ ነሽ። ጠዋት ጠዋት፣ ብትነዝር እንዳትይዝሽ በእጅሽ ጀርባ ነካ ታደርጊያትና፣ «አማቴ ዛሬ በግራ ጎኗ ነው የተነሳችው፤ ቦቱን አምጪ» ትይኛለሽ። እስቃለሁ። ለሁለታችን ያለን አንድ የጎማ ቦት ነው፤ የወንድ ልክ፤ ተራ የደረሳት ታጠልቀዋለች። ማሽኗ እንደምትነዝረን ለባለቤቱ ለጋሼ ስንነግራቸው ያመጡልን እሱን ነበር። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ግን አላመጡም። በመጨረሻም በአንቺ ተራ ይዛሽ ቀረች።

ጋሼ ዳኛው ፊት ቆመው፣ «መከላከያ ጫማ ገዝቼ ሰጥቻለሁ። እሷ ሳታጠልቀው ገባች» አሉ። ለምስክርነት ስጠራ፣ «አጥልቃ ነበር። ከእግሯ ያወለቅኩት እኔ ነኝ። ሶሉ ተሰንጥቆ ስለነበር ከውስጡ ውሃ ፈሰሰ» አልኩ። ጋሼ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

ቀጥላ የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪዋ ሕጉን አስረዳች። አሠሪ የኤሌክትሪክ መሣሪያውን በባለሙያ ማስፈተሽ አለበት፤ ሠራተኛ ነዘረኝ ካለው ደግሞ አጥፍቶ እስኪጠገን ማቆም ግዴታው ነው። ከዚያ በዳኛው ፈቃድ ወደ ጋሼ ዞር ብላ፣ «ለመሆኑ ቦቱን ለምን ገዙላቸው?» አለቻቸው።

«እንዳይነዝራቸው ነዋ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጠበቃቸው ዓይኑን ጨፈነ።

ዳኛው ጥፋቱ የአሠሪው ነው አሉ። እናትሽ በሩ ላይ ክንዴን ያዙና፣ «ልጄ አላጠፋችም፣ አይደል? እንደዛ አይደል ያሉት?» አሉኝ።

«አላጠፋችም፣ እማማ። እንደዛ ነው ያሉት።»

እስከ መንገዱ ድረስ ደጋግመው አስባሉኝ።

ዛሬ ሥራ ገባሁ። ማሽኗ ተጠግናለች። የጎደላት፣ የሚያፈተልከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የምታወርድ አንዲት የመሬት ሽቦ ነበረች፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጨርሶ ሄደ አሉ። ያቺን ሽቦ ሳስብ ነው የሚያመኝ። እኔ ግን አሁንም በእጄ ጀርባ ነው የምነካት። ነካኋት፤ አልነዘረችኝም። «አማትሽ ዛሬ ደህና አድራለች» ብዬሽ ቀና ስል፣ የለሽም።

ተራሽንም ተራዬንም የያዝኩት፣
ጓደኛሽ