የአባዬ መኪና ሞተር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባዬ ጡረታ ሲወጣ የሰጠኝ መኪና ዛሬ ካዛንቺስ አቀበቱ ላይ ግላ ቆመች። ሞተሯ ትንሽ ነው፤ ሺህ ሲሲ፣ ሦስት ፒስተን። በአባዬ እጅ ግን አስራ ስምንት ዓመት አንድም ቀን መንገድ ላይ ቆማ አታውቅም። ጠዋት ጠዋት ዘይቷንና ውሃዋን ሳያይ አያስነሳትም ነበር።

ወሎ ሰፈር አስጎትቼ ወሰድኳት። መካኒኩ ጋሽ በቀለ ከፍተው አዩና ቀና አሉ። "ልጄ፣ የሙቀቱ መብራት አልበራብሽም?"

በርቶብኝ ነበር። ሥራ እንዳይረፍድብኝ እያልኩ ሦስት ቀን እያየሁት ነዳሁ።

"ጠንካራ ሞተር ነበር" አሉ በቀስታ። "የጎደለው ውሃ ብቻ ነው። አሁን ተቃጥሏል፤ አይጠገንም።"

ቤት ስገባ አባዬ በረንዳው ላይ ይጠብቀኝ ነበር። "ሞተሩ አርጅቶ ነው፣ አበቃለት" አልኩት። እጄን ያዘና፣ "አሮጌ መኪና ሰጥቼሽ መንገድ ላይ አስቀረሁሽ። ይቅር በይኝ ልጄ" አለኝ።

እውነቱን ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። የወጣኝ ግን "ምንም አይደለም አባዬ" የሚል ነው።