ከጨንቻ ዱቡሻ እስከ ጋሼ አንጁሎ አልጋ

ሰኞ

ከስብሰባው አሁን ገባሁ። ወንበሩ ጎኔን ፈጅቶኛል፣ የቀረበልን ውሃም ለብ ያለ ነበር። ግን እግዜር ይስጣቸው፣ ቁም ነገር ሰምቻለሁ።

የመንግሥት ቴሌቪዥን ጣቢያ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው እዚሁ ሰፈራችን ሲቀላ፣ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰቡን። ሊጀምሩት ያሰቡትን ሊነግሩን ነው። ዲጂታል ይሉታል። እኔ የገባኝን ልጻፍ፤ እስከ ዛሬ በአንቴናችን የምናየው ያንኑ አንድ ጣቢያ ነው፣ እሱም ዝናብ ሲመጣ ጉንዳን የወረረው ይመስላል። ወደፊት ግን አንዲት ትንሽ ሣጥን ከቴሌቪዥኑ ጋር ትገጠማለች፣ በዚያው አንቴና ብዙ ጣቢያ ይገባል። አንዱ ለዜና። አንዱ ለስፖርትና ለመዝናኛ። አንዱ ደግሞ በየብሔረሰቡ ቋንቋ። በጋሞኛም! እዚህ ላይ ሳላውቀው ከወንበሬ ተነስቼ ቆሜአለሁ።

ከቆምኩ አይቀር ብዬ “መቼ ነው?” አልኩ።

“በቅርቡ” አለ ሰውዬው።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በማስተማር ነው። “የቤት ሥራዬን በቅርቡ እሠራለሁ” የሚለኝ ተማሪ መዓት ነበር። ይህንኑ ነገርኩት። አዳራሹ ሳቀ፣ ሰውዬውም አብሮ ሳቀ፤ ጨዋ ነው። ያኔ ሰላማዊት የምትባል የፕሮግራም አዘጋጅ ብድግ ብላ “አባባ፣ ሙከራው ግን ለዚህ ሳምንት ነው” አለችኝ። ቅዳሜ ከጨንቻ ዱቡሻ በቀጥታ ሊያስተላልፉ አስበዋል። የሽማግሌዎች ምርቃት፣ በጋሞኛ። የሙከራ ሣጥኖቹን በየከተማው ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ያኖራሉ።

ዱቡሻ! ሽማግሌ ተቀምጦ የሚመክርበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ሜዳ። እኔና ወንድሜ ያደግነው እሱን ታክከን ነው።

ለባለቤቴ ለአበበች ነገርኳት። “በአንድ ጣቢያ እንኳን ስጠራህ አትሰማም። ሲበዛማ ጭራሽ ደንቁረህ ልትቀር ነው” አለች። “ላንቺም አንድ ይሰጥሻል፣ ቀኑን ሙሉ እኔን የምትቆጪበት” አልኳት። ማማሰያ ወረወረችብኝ። ሳተችኝ። ተመስገን።

ማክሰኞ

ምዕራብ ዓባያ ዋልኩ። ታላቅ ወንድሜን ጋሼ አንጁሎን ልጠይቅ ሄጄ።

ሙዝ እርሻው ውስጥ የውሃ ቦይ ሊሻገር ሲል አዳልጦት ዳሌውን ከተጎዳ ቆየ። ሐኪሙ “አጥንቱ ገጥሟል፣ ቀስ እያለ ይነሳና ይለማመድ” ብሏል። እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። አይነሳም። አይቀልድም። ከሁሉም ያስፈራኝ የመጨረሻው ነው። ይህ ሰው እኮ ቀልድን ያስተማረኝ ነው። በሠርጌ ቀን ለአበበች አባት “ወንድሜ ደግ ልጅ ነው፣ በተለይ እንቅልፍ ሲወስደው” ያለ ሰው ነው።

ሞከርኩ።

“ጋሼ፣ ያ አብሮህ የወደቀው ሙዝ እንኳን ተነስቶ አፍርቷል” አልኩት።

“ጢምህን ካልተላጨህ ጦጣዎቹ ዘመድ መጣልን ይላሉ።” ነጠላውን ወደ ጆሮው ሳበ።

ልጁ ብርሃኔ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። “አጎቴ፣ ምግብም እየተወ ነው። ትናንት የሽፈራው ቅጠል መረቅ ቀምሶ መለሰው። ሐኪሙ እንዲህ ከተኛ መነሳት ያቅተዋል ብሎኛል” አለችና አለቀሰች። እኔም የማላለቅስ መስዬ ምጣዱን አየሁ።

ልወጣ ስል ከግድግዳው በኩል ድምፅ መጣ።

“ዱቡሻው ላይ ድንጋዬ አለ?”

“አለ፣ ጋሼ።”

“ሰው ተቀምጦበታል?”

“ማን ደፍሮ!”

ይህን ያህል ቃል ካወጣ ሰንብቷል።

በሚኒባስ ስመለስ የዓባያን ሐይቅ በመስኮት እያየሁ አሰብኩ። የጨንቻ ዳገት ለዚያ ዳሌ አይሆንም፣ መንገዱ ድንጋይ ብቻ ነው። እሱ ወደ ዱቡሻው መውጣት ካልቻለ ግን ዱቡሻው ወደ እሱ መውረድ ይችላል። ሣጥኗ!

ረቡዕ

ሰላማዊትን ሻይ ቤት አድፍጬ አገኘኋት። የምዕራብ ዓባያው ሣጥን የታሰበው ለቀበሌው አዳራሽ ነው።

“ወንድሜ ቤት አድርጊው” አልኳት።

“አባባ፣ ለሕዝብ ቦታ ብቻ ነው የተፈቀደልን።”

“ቀበሌው ለምሳ ይዘጋል። የወንድሜ ቤት በር አይዘጋም። የትኛው ነው የሕዝብ?”

ሳቀች። ከዚያ የጋሼን ነገር አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ሳቋን ተወችው። ሻይዋን እያማሰለች የራሷን ጭንቀት አወጣች። ሽማግሌዎቹ ካሜራ ዱቡሻው ውስጥ ይግባ የሚል ቃል ገና አልሰጧትም። እሷ ጋሞኛ አትችልም፣ ደጋግማ መልእክት ብትልክም “እንመካከራለን” ነው መልሱ።

“እርስዎ እሺ ካሰኙልኝ እኔም ስለ ሣጥኑ አለቆቼን አስፈቅዳለሁ” አለች። ተጨባበጥን። እጇ ቀዝቃዛ ነው፤ “ደጋ ሳትወጪ ደጋው ደርሶብሻል” አልኳት።

አሠራራቸውንም አስረዳችኝ። በቀጥታ ስርጭት ጊዜ ከእነሱ ወገን አንዲት ኮሽታ አይሰማም። ካሜራ የያዘውም፣ ድምፅ የሚቀዳውም፣ እሷም እንደ ግንድ ዝም። “ጥሩ አስተዳደግ ነው” አልኳት።

የዛሬ ጭንቀቶቼ፤
ሽማግሌዎቹ እምቢ ቢሉስ።
ቅዳሜ ጉም ቢሆንስ።
ጋሼ ፊቱን ከግድግዳው ባያነሳስ።
አበበች የጨንቻ ጉዞዬን ስትሰማ።

(የመጨረሻው ደርሷል። “ሽማግሌ መሆንህን ረሳኸው?” አለችኝ። “ሽማግሌዎች ጋ አይደል የምሄደው” አልኳት።)

ሐሙስ

አበበች በቡልኮ ጠቅልላ ላከችኝ። እሷ ተቆጥታ የምታለብሰኝ ልብስ የበለጠ ይሞቃል።

በዱቡሻ ሰው አይቋረጥም። ስለዚህ ቀኑ እዚያው አለቀ። አንዱ ስለ ቴሌቪዥኑ ጀመረና ስለ ጠፋች ላሙ ጨረሰ። ሁላችንም በሥርዓት አዳመጥነው። ሌላው “እነሱ እኛን ሲያዩን እኛም እናያቸዋለን?” አለ። አናያቸውም አልኩ። “እንግዲያው ይህ ማየት አይደለም፣ ማጮለቅ ነው!” አለ። ተሳቀ። ሳቅ ከመጣ ነገሩ እየተቃና ነው።

በመጨረሻ ምርቃት የሚያደርሰው ሻንካ ተነሳ። እኩያዬ ነው፣ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ሽማግሌ ነበር።

“ይምጡ” አለ። “ልጆቻችን ቋንቋችንን ከዚያ ዕቃ ከሰሙ ደስታችን ነው። ግን እዚህ ቆሞ ተመልካች የለም። ሜዳው ውስጥ የገባ ሁሉ ለምርቃቱ ‘ይሁን’ እያለ ይመልስ። የማይመልስ ካለ አልቀጥልም።”

“ይታወቃል” አልኩ።

ስለ ጋሼ ሳነሳለት አዳመጠኝ። “ስሙን እጠራለሁ” አለ። “ታሞ የቀረ ሰው ስሙ ሲጠራ ወንድሙ ነው የሚመልስለት። ጮክ ብለህ መልስ። ስሙ ተጠርቶ መልስ ካጣ ጥሩ ምልክት አይደለም።”

“ዝም በል ተብዬ እንጂ ተናገር ተብዬ አላውቅም” አልኩት። እሱም ሳቀ።

ለሰላማዊት “እሺ ብለዋል!” ብዬ ደወልኩ። በደስታ ጮኸችና ጆሮዬን ልታደነቁረው ነበር። ሣጥኑም ተፈቅዷል። እግዜር ይስጥልኝ የማልለው ሰው አጣሁ ዛሬ።

ዓርብ

ብርሃኔ ደወለች። የጣቢያው ልጆች ሣጥኑን ገጥመውላቸዋል፣ አንቴናውንም ማንጎው ዛፍ ላይ ሰቅለውታል።

“ጋሼስ?”

“ፊቱ ወደ ግድግዳ ነው። አልጋውን እናዙረው ብንል እምቢ አለ።”

“እንግዲያው ቴሌቪዥኑን ግድግዳው ጋ አድርጉት።”

ሳቀች። አልጋውን ከግድግዳው ራቅ አድርገው መሃል ላይ ጠረጴዛና ቴሌቪዥኑን አስገቡ። አሁን ጋሼ የሚሸሽበት የለውም፣ ዓይኑን ካልጨፈነ በስተቀር። ይጨፍናል ደግሞ፣ አውቀዋለሁ።

አንድ ነገር ከንክኖኛል። ሣጥኑን የገጠመው ልጅ ለብርሃኔ እንደነገራት ከሆነ ዲጂታል እንደ ድሮው አይደለም፤ ወይ ጥርት ብሎ ይመጣል ወይ ጨርሶ አይመጣም። ጉንዳኑ ናፈቀኝ። እሱ ቢያንስ ከጀርባው ሰው እንዳለ ያስታውቃል።

ቅዳሜ

ቡልኮውን ገና አላወለቅሁም። ብርዱ ነው እያልኩ ነው ለአበበች።

ጉሙ ገፈፍ አለልን። ሽማግሌው በየድንጋዩ ተቀመጠ። የጋሼ ድንጋይ ባዶውን ነው። ሰላማዊት እጇን አወረደች፣ ስርጭቱ ጀመረ። ሻንካ ትኩስ ሣር ይዞ ቆመ።

“ዝናብ በጊዜው ይምጣ!”

“ይሁን!” አልን።

“ገብሱ፣ እንሰቱ ያፍራ!”

“ይሁን!”

ከዚያ አቆመ። ዙሪያውን ቃኘ። ካሜራ የያዘውን አየ፣ ጆሮውን በማዳመጫ የሸፈነውን አየ፣ ሰላማዊትን አየ።

“እነዚህ ልጆች አፋቸውን ምን ያዘው? ዝናብ አይፈልጉም?”

ያኔ ላብ አጠመቀኝ፣ በዚያ ብርድ። የሻንካን ቃል አልነገርኳትም! ሆን ብዬ አይደለም። ለእኛ ሰው ምርቃት መመለስ እንደ መተንፈስ ነው፤ ማን ለማን “ስትገባ ተንፍስ” ይላል?

ሰላማዊት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ልጆቿን ዝም ታሰኛለች፣ በዓይኗ እኔን ትለምናለች።

“ልጄ፣ ይሁን በይ!” አልኳት።

“አባባ፣ አየር ላይ ነን!” በሹክሹክታ።

“እሱ አይቸኩልም። ካላልሽ እስከ ማታ አየር ላይ ነሽ።”

ሻንካ እውነትም አይቸኩልም። ሣሩን ይዞ ቆሟል፣ በቴሌቪዥን ሁሉ እየታየ። ልጅቷ ሰዓቷን አየች፣ ሰማዩን አየች፣ ከዚያ በጋሞኛ እኛን አስመስላ “ይሁን!” አለች። ካሜራ የያዘው ተከተለ። የድምፁ ልጅ ማዳመጫውን አውልቆ ከሁላችንም በላይ ጮኸ። ሻንካ ፈገግ አለና ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ ለላሙም ለማሩም ለእናቶችም እነሱ ቀድመውን ይመልሱ ጀመር። እንዲያ ያለ ደስ የሚል ሥርዓት ማጣት አይቼ አላውቅም።

መጨረሻ ላይ ሻንካ ወደ ጋሼ ድንጋይ ሄደ። ሣሩን አኖረበት።

“አንጁሎ ይነሳ! በእግሩ መጥቶ እዚህ ይቀመጥ!”

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ካሜራውም። የእኔ ተራ ነው። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ያን ሣር ባዶው ድንጋይ ላይ ሳየው ቃሉ ጠፋኝ። ዕድሜ ልኬን ያልተዘጋ አፍ፣ ያን ጊዜ ክፍቱን ቀረ፣ ድምፅ ግን የለም።

ሻንካ ጠበቀኝ። ካልተመለሰ አልቀጥልም ያለ ሰው ቀስ ብሎ ትከሻዬን ነካ፣ “ቆይቶም ይመለሳል” አለኝና ምርቃቱን ዘጋ።

ወርጄ ለብርሃኔ ብደውል ብደውል ስልኳ አይሠራም። መብራት ጠፍቶባቸው ይሆን? አይተው ይሆን? አይተው ከሆነስ ጋሼ ስሙ ተጠርቶ ወንድሙ ዝም ሲል ነው ያየው። አበበች ሳትቆጣኝ ሾርባ ሰጥታኝ አጠገቤ ተቀመጠች። ስትቆጣኝ ይሻለኛል።

እሑድ

ከቅዳሴ ስወጣ ስልኬ ጮኸ። ብርሃኔ ናት። መብራቱ የጠፋው ከስርጭቱ በኋላ ነው፣ ስልኳም ባትሪ ጨርሶ ነው። “አጎቴ፣ ቆዩ፣ አባዬ ያናግርዎት” አለች።

“አንተ!” አለኝ ጋሼ። የድሮ ድምፁ ነው፣ ትንሽ ሻክሯል። “ትናንት ምን ሆነህ ነው እንደ ጫሞ ሐይቅ አዞ አፍህን ከፍተህ የቀረኸው?”

ከቅዳሴ በወጣው ሰው መሃል ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

የሆነውን እየሳቀ ነገረኝ። ቤቱ በጎረቤት ሞልቶ ነበር። እኔ አፌን ከፍቼ ድምፅ ሲጠፋ ሁሉም ሣጥኑ ተበላሸ ብሎ ሊነካካ ተነሳ። ጋሼ ግን “ተዉት፣ ሣጥኑ ደህና ነው፤ የተበላሸው ወንድሜ ነው” አላቸው። ከዚያ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለና ራሱ መለሰ። “ይሁን!” ቤቱ ሁሉ ተከተለው።

“ዕድሜዬን ሙሉ ዝም እንድትል ስለምን ኖሬ፣ መርጠህ መርጠህ ያን ቀን?” አለኝ።

ማታ ቆጮ በዳጣ ጠይቆ በልቷል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ በብርሃኔና በጎረቤት ተደግፎ እግሩን መሬት አስነክቷል። አሞት ቁጭ ብሏል። ነገ እደግማለሁ ብሏል። ይነሳ አይነሳ ገና አላውቅም። ግን ተሳድቦልኛል፣ እንኳን ለዚህ አበቃኝ።

ሰላማዊት ወደ አዲስ አበባ ከመመለሷ በፊት ልትሰናበት መጣች። አለቆቿ መጀመሪያ ተቆጥተው ነበር አሉ፣ ከዚያ ያን “ይሁን!” የሚለውን ደግመው ደግመው አዩት። ሣጥኑንም ስርጭቱ እስኪጀመር ድረስ ጋሼ ቤት ትተውለታል፤ የሕዝብ ቦታ መሆኑን ሣጥኑን የገጠመው ልጅ ቅዳሜ በዓይኑ አይቷል።

“ስርጭቱ ታዲያ መቼ ይጀመራል?” አልኳት።

“በቅርቡ” አለችና ራሷ ቀድማ ሳቀች። አበበች ሙዝ በዘንቢል አስያዘቻት። መርቄ ሸኘኋት። “ይሁን!” አለች፣ ሳትጠየቅ።

ነገ ጨንቻ እወጣለሁ። መልሱ ዘግይቶም ቢሆን ከራሱ ከጋሼ አፍ መሰጠቱን ለሻንካ መንገር አለብኝ። ስለ አዞው ግን ትንፍሽ አልልም።