ባለ ቀንዱን ያነሳሁበት ማለዳ

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ልጆቹስ፣ ያ ተጫዋች ባልሽስ ደህና ናቸው? እኔ አለሁ። ከባለቤቴ ቀብር ወዲህ አንድ ቃል አልጻፍኩልሽም፤ ብትቀየሚኝ ልክ ነሽ። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር የምለው ይጠፋኛል። አሁንም የተገኘ አይመስለኝም፤ ብቻ ወረቀቱ ፊቴ ነው።

አዲሱ ሥራህ ምንድነው ብለሽኝ ነበር። ሠርግ ፎቶ ማንሳቱን ትቼ መርዘኛ እባብ ነው የማነሳው። ፎቶዎቹ በየጤና ጣቢያው ለሚሰቀል ፖስተር ናቸው፤ የተነደፈ ሰው የነደፈውን በጣቱ እንዲያሳይ። እባብ ፈገግ በል አይባልም፤ ይመቸኛል። የምኖረው በረሃው ጫፍ ባለች ከተማ፣ ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው። አልጋው ሰፊ ነው፤ እኔ ግን ከዳሩ አልነቃነቅም።

ሾፌሬ ሸበቶ ሰው ነው። በየኩርባው ለራሱ ‹‹ቀስ በል›› ስለሚል ሰዉ ሁሉ ‹‹ቀስ በል›› እያለ ነው የሚጠራው። ማለዳ አሸዋው ሳይግል እንወጣለን። ባለ ቀንዱ እባብ በጎኑ ስለሚሄድ ዱካው የተሰበረ መሰላል ይመስላል። ዱካው ካለቀ እዚያው ተቀብሯል ማለት ነው፤ ከዓይኑና ከቀንዶቹ በቀር አይታይም። ደንቡ ከሩቅ ሆኖ በረጅሙ ሌንስ ማንሳት ነው።

ባለፈው ሳምንት ግን በአጭሩ ሌንስ አነሳሁት። በደረቴ ተኝቼ ተሳብኩ። ቅርፊቱን እያፋተገ እንደ ጋለ ዘይት ተንጫጫብኝ፤ ማስጠንቀቂያው ነው። በረሮ ሳይ ወንበር ላይ የምወጣ ሰው እንደነበርኩ ታውቂያለሽ። ልቤን አዳመጥኩት፤ ዝም ብሏል። ከኋላዬ ቀስ በል ‹‹በቃህ፣ ተመለስ!›› ይለኛል። ሰምቼዋለሁ። ትንሽ ደግሞ ተጠጋሁ። ድንገት ቀበቶዬን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ፤ እባቡም ያኔውኑ ተወረወረ። ያገኘው የካሜራውን አፍ ነው። መስተዋቱ ላይ ቢጫ የመርዝ ጠብታ ቀረ። በመሐረብ ጠረግኩት።

ቀስ በል አሸዋው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ‹‹አንተ ሰውዬ፣ ሬሳ ጭኜ እንድመለስ ነው ያመጣኸኝ?›› አለኝ። ረጅሙን ሌንስ ቤት ረስቼው ነው አልኩት። ውሃ ሊያመጣልኝ ወደ መኪናው ሄደ። ሲመለስ በአንድ እጁ ውሃውን፣ በሌላው ረጅሙን ሌንስ ይዟል። ከወንበሬ ሥር ነው ያገኘው። ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ።

ፎቶው አምሯል። ሥራውን የሰጠን ሐኪም ደውሎ እንዲህ ያለ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ፤ እንዴት እንደተሳካልኝም ጠየቀኝ። ዕድል ነው አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ቀስ በል ቤቱን ትቶ እኔ ጋ ምንጣፍ ላይ ያድራል። ‹‹ቤቴ ሞቀኝ›› ይላል፤ የእኔ ክፍል ማራገቢያ እንኳ የላትም። ምላጬ የት ገባ ብዬ ብጠይቀው ‹‹ጺም ያምርብሃል›› አለኝ። ትናንት ምሳ ላይ ደግሞ ታላቅ የለህም ወይ አለኝ። እህት አለችኝ አልኩት። ይሄን ወረቀት የገዛው እሱ ነው። አሁንም ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ ደጋግሞ ‹‹ጻፍከው?›› ይለኛል። ምኑን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

እትዬ፣ ከጓዳው አጠገብ ያለችው ክፍል ባዶ ከሆነች ትንሽ ጊዜ ልምጣ? ብዙ አላስቸግርሽም። ቀስ በል በርሽ ድረስ ራሱ እንደሚያደርሰኝ ነግሮኛል። ስታይኝ እንደምታለቅሺ አውቃለሁ። አልቅሺ። እኔ እስካሁን እንባ አልመጣልኝም።

ቤትሽን ጤና አይለየው፤ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ።

ያሳደግሽው ታናሽ ወንድምሽ