ማስረጃ የሆኑት ሦስት ፖስታዎች

ይድረስ ለድሮዋ ወዳጄ፤

እንደምን ከርመሻል? ያ ብርድ ሲመጣ የሚነሳብሽ ጥርስሽስ ተሻለው? ቤት ካለሽ ቤትሽ፣ ልጆች ካሉሽ ልጆችሽ፣ ባል ካለሽ ባልሽ ደህና ይሁኑልሽ። ባል ከሌለሽ ግን የእሱን ሰላምታ መልሺልኝ፤ ለራሴ እወስደዋለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። በዚህ ከተማ እንደ እኔ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የለም። እሺ፣ በዚህ ሰፈር። እሺ በቃ፣ በዚህ ጎሚስታ ቤት ውስጥ፤ ያለነው እኔና ውሻው ነን፣ እሱ ደግሞ ዘንድሮ አልተመዘገበም።

እኔ ተመዝግቤ ነበር። ማታ ማታ ከሥራ መልስ የጎልማሶች ክፍል እየገባሁ፣ በልጆች ዴስክ ላይ ጉልበቴን አገጬ ሥር ሸጉጬ ስምንት ወር ተማርኩ። ማንበብ እንደማልችል አታውቂም ነበር አይደል? ማን ያውቅ ነበር! ምግብ ቤት ሜኑ ሲሰጡኝ ለኔም እንደ እሱ አምጡልኝ እላለሁ፤ ፎርም ሲሰጡኝ መነጽሬን ረሳሁ እላለሁ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።

ያስተማሩኝን ሴትዮ «ቀስ በሉ» ብለን ነው የምንጠራቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው እናት ናቸው። ስንጣደፍ፣ ቀስ በሉ ልጆቼ፣ ፊደሉ አይሮጥባችሁም ይሉናል።

አሁን የምነግርሽ ነገር ለኔም በደንብ አልገባኝም፤ ካልገባሽ አትዘኝብኝ። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በየዓመቱ መምህራንን ይገመግማል። አንድ ገምጋሚ ወረቀቱን ይዞ መጣና ከኋላችን ተቀመጠ። ወረቀቱ ላይ ሃያ አምስት ጥያቄ አለ፤ ለእያንዳንዱ ከአራት ይሰጣል። ዕቅድ አዘጋጅተዋል ወይ? ድምፃቸው ከኋላ ይሰማል ወይ? ተማሪው ይሳተፋል ወይ? ትልቅ ሰውዬ የራሱን ስም ጽፎ ሲያለቅስ ከአራት ስንት እንደሚያሰጥ ግን አላየሁም። ያለቀስኩት እኔ አይደለሁም፤ ከጎኔ ያለው ግንበኛ ነው። እሺ፣ እኔም።

ከትምህርቱ በኋላ ገምጋሚው ከተማሪዎቹ አንዱን ያነጋግራል። መልከ መልካሙን መረጠ። ኮሪደሩ ላይ አቁሞኝ፣ እዚህ ከመግባትዎ በፊት ማንበብ ይችሉ ነበር? አለኝ። አልችልም ነበር ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ስንት ዓመት ስደብቀው የኖርኩት ነገር ሆኖ አፌ ቀደመኝ። ምን ማለትዎ ነው ጌታው፣ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ቁርሴ ጋዜጣ ነው፤ እዚህ የመጣሁት ለጨዋታ ነው አልኩት። ይስቃል ብዬ ነበር። ጻፈው።

በሁለተኛው ሳምንት ውጤታቸው መጣ፤ ሃምሳ አራት። ከሥሩ፣ የሚችሉትን ሰብስበው ያስተምራሉ፣ የተማሪ ለውጥ አልታየም ይላል። ከስልሳ በታች ያመጣ መምህር ከማታው ክፍል ይነሳል። ወረቀቱን ሰጥተውኝ አነበብኩላቸው። አንተ ጉረኛ፣ በአፍህ ጣልከኝ አሉኝ፤ ቀጥለው ደግሞ፣ ግን አየህ? አንድም ቦታ ሳትደናቀፍ አነበብከው ብለው ፈገግ አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በነጋታው ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። ዋሽቻለሁ ይሰረዝልኝ ስለው ኃላፊው፣ ማስረጃ አምጣ አለኝ። ግራ ገባኝ። ለማወቅ ሰርተፊኬት አለ፤ ላለማወቅ ማን ማኅተም ይመታል? ጎረቤት አልጠራ፣ ሰፈሩ ሁሉ ማንበብ ይችላል ብሎ ይመሰክራል። ያሳመንኳቸው ራሴ ነኛ!

ያኔ ነው የመሣሪያ ሳጥኔ ትዝ ያለኝ። ከመፍቻዎቹ ሥር፣ ከሄድሽ በኋላ የላክሽልኝ ሦስት ፖስታዎች አሉ። የፖስታ ቤቱ ማኅተም ከተመታባቸው አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። አንዳቸውም አልተከፈቱም። ጻፍልኝ ስትይኝ በየሳምንቱ ብዬሽ ነበር፤ የኛን ነገር በማን አፍ ላስነብብ?

ማንበብ የጀመርኩ ሰሞን ጀርባቸው ላይ ያለውን አድራሻሽን አነበብኩ። ጠርዛቸውን ልቀድ ስል ፈራሁና ነገ፣ ነገ እያልኩ ቆየሁ። አሁን ከከፈትኳቸው ማስረጃነታቸው ቀረ። ካልከፈትኳቸው ምን እንዳልሽኝ አላውቅም። ሦስት ቀን የሰው ጎማ ሳበላሽ ሰነበትኩ፤ የፊቱን ከኋላ ስገጥም፣ የደህናውን ጎማ ቀዳዳ ስፈልግ። በአራተኛው ቀን እንደታሸጉ ወስጄ ለጽሕፈት ቤቱ ሰጠኋቸው።

ኃላፊው አገላበጣቸውና፣ ሴትዮዋን ስላልወደድካት ያልከፈትካቸው ቢሆንስ? አለኝ። ስለዚህ ራሷ ትመስክር ተባለ። እባክሽ በአንድ ገጽ ጻፊልኝ፤ ይህ ሰው ያልወደደኝ ነው ወይስ ማንበብ ያልቻለ? ፖስታዎቹ ከማመልከቻዬ ጋር ተያይዘው ፋይል ውስጥ ገብተዋል፤ ያኔ ካልሽኝ የምታስታውሺው ካለ ድገሚልኝ። ፊደሉን ነጠል ነጠል አድርጊው። ቀስ ብዬ ነው የማነበው።

የያዝሽው ይበርክት፤ ደጅሽን ክፉ አይርገጠው።

የድሮ ወዳጅሽ፣ ጎሚስታው

ፖስታውን ሳላሽግ አንድ ነገር ልናዘዝ። ኃላፊው ስላልወደድካት ቢሆንስ ብሎ አልጠየቀኝም። ማኅተሙን አይቶ ይበቃል አለ፤ ቀስ በሉ እንደገና እንዲገመገሙ ተወስኗል። ምስክር ያስፈለገው ማንም የለም። ጥያቄውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንቺ ስትጠይቂው የኖርሽ መስሎኝ።