ተሞልታ የተመለሰችው ባልዲ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለሰገነት፣
መተሐራ

ሳሮ ልበልሽ በአገራችን ሰላምታ፣ እህቴ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? የመተሐራ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ወገብሽስ ተሻለው ወይስ አሁንም እንደ አመሉ ነው? ጋሽ ደግፌስ ጡረታ ወጥተው ቤት መዋል ለመዱ ወይስ አሁንም በር ላይ ተቀምጠው የሸንኮራ መኪና ሲያልፍ ይቆጥራሉ? ህብረትስ? ቤኒስ? ሁላችሁንም አንድ በአንድ እየሳምኩ ብጠይቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ ወረቀቴ ግን ጥቂት፣ ጉዳዬ ብዙ ሆነብኝ። እኔ ጌታ ይመስገን፣ ከጉልበቴ በላይ ደህና ነኝ። ከጉልበቴ በታች ያለውን አትጠይቂኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪኝ ይሆናል። በስልክ እንዳልነግርሽ አመልሽን አውቀዋለሁ፤ ገና ግማሹን ሳልጨርስ ፍርድሽን ትሰጫለሽ። ደግሞም የሆነው ነገር ለራሴ ስላልገባኝ አፌ ላይ እየተምታታ አስቸገረኝ፤ ስጽፈው ምናልባት ይጠራልኝ ይሆናል አልኩ። በአፋችን በወላይትኛ ብጽፍልሽም እወድ ነበር፤ ልጆቹ የሚጽፉበት ላቲን ግን ለእኔ አይመጣልኝም። መሠረተ ትምህርት ስንማር አንቺ እጄን ይዘሽ ባስጨበጥሽኝ ፊደል ነው የምጽፍልሽ። የሚያደርስልሽ በድሉ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን አንዱ፤ ለሥራ ወደ እናንተ ያልፋል።

በዘመን መለወጫችን በጊፋታ ሰሞን ደውለሽ ያልሽኝን ታስታውሻለሽ። ባለቤትሽ ቶማ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፣ ለብቻሽ ግድግዳ እያየሽ ከምትኖሪ ሶዶ ልጆችሽ ዘንድ ግቢ አልሽኝ። እኔም ቤቴን ማን ሊዘጋ ነው ብዬ ተቆጥቼ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ዘጋሁት። ይቅር በይኝ። ምክርሽን ግን አልጣልኩትም፤ ሲመላለስብኝ ከረመ። እውነቱን ላንቺ ልናገር፣ ጓሮው አሸንፎኛል። ፍልፈል አሥራ ሁለት እንሰት ከሥሩ በልቶ ጣለብኝ። የቀረውን ልፋቅ ብዬ ቁጭ ስል ጉልበቴ ለመነሣት እምቢ ይለኛል። አንድ ቀን ጎረቤቴ እታፈራሁ እሳት ልትጭር ባትመጣ ኖሮ እንደተቀመጥኩ እውል ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤቱን ፈራሁት። ሞትን አይደለም የፈራሁት፤ ማንም ሳያውቅ ወድቆ መቅረትን ነው።

ስለዚህ ቆረጥኩ። ሄጄ ልቀር። ዶሮዎቼን ለጊዜው ብዬ ለእታፈራሁ ሰጠኋት፤ ደህና ደህና ቀሚሶቼን አጣጠፍኩ፤ የቶማን ፎቶ ከግድግዳ አውርጄ በነጠላ ጠቀለልኩ። ለልጆቹ ስደውል ግን ለሰንበት ልጠይቃችሁ እመጣለሁ ብቻ አልኳቸው። ለምን ትዪኛለሽ። እናት ተለምና ስትገባ ክብር ነው፤ ለምና ስትገባ ሸክም ናት ብዬ ነው። ሚልክያስም ሆነ ሜላት ከራሳቸው አንደበት እማዬ እዚሁ ቅሪ እንዲሉኝ ፈለግሁ። አንቺ ሁልጊዜ እንደምትዪኝ ነው፤ ኩራቴ ራቴ።

ምልክትም ጠየቅሁ። እዚህ ላይ እንዳትስቂ። ቶማ የገዛልኝን ቀይ ክዳን ያላትን ባልዲ ታውቂያታለሽ። ቡላውን ከታች፣ ዳታ በርበሬውን በጠርሙስ መሃል፣ ቅቤውን በኮባ ጠቅልዬ ከላይ አድርጌ ሞላኋት። እናታችን ዕቃ ባዶውን አይመለስም እያለች ስንቱን የጎረቤት ሳህን ሞልታ በእኛ እጅ እንደላከች አትረሺም። ይኼ እንግዲህ ለጎረቤትና ለእንግዳ ነው። የቤት ሰው ዕቃማ ማን ይሞላዋል? ታጥቦ ከሌላው ዕቃ ጋር ይደረደራል እንጂ። እኔም እንዲህ ብዬ ጸለይኩ፤ ጌታ ሆይ፣ ባልዲዬን ወጥ ቤታቸው ካስቀሯት የቤቱ ሰው ነኝና እቀራለሁ፣ ሞልተው ከመለሱልኝ እንግዳ ነኝና ወደ ቢጠና እመለሳለሁ። ጌዴዎን የበግ ጠጉር ዘርግቶ ጠየቀ፣ እኔ ደግሞ ያለችኝ ባልዲ ናት። ፓስተራችን ቢሰማ ጌታን አትፈታተኚ ብሎ እንደሚቆጣኝ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ያልነገርኩት።

ዓርብ ተነሣሁ። ሻንቶ ላይ ሚኒባሱ ሰው ለመጫን ሲቆም ረዳቱ ባልዲዋ ጣሪያ ላይ ትውጣ ብሎ ተጣላኝ፤ እኔ ጣሪያ ላይ ልውጣ እንጂ እሷ አትወጣም አልኩት፣ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ሶዶ መናኸሪያ ሚልክያስ ከመሥሪያ ቤቱ አስፈቅዶ ይጠብቀኝ ነበር። አቅፎ ሳመኝና የመጀመሪያ ጥያቄው መቼ ነው የምትመለሺው የሚል ሆነ። ገና አንድ እግሬ ከመኪናው ሳይወርድ! ሰኞ አልኩት። አፌ ነው ያለው እንጂ እኔ አይደለሁም። ቤት ስንደርስ ሚስቱ ትህትና እንግዳ ተቀባይ ናት፣ ጉልበቴ ድረስ ዝቅ ብላ ሳመችኝ፤ ቀጥላ ግን ያንኑ ጠየቀችኝ። ሰኞ። ሜላት ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት መጣች፤ እሷም ያንኑ። የሚልክያስ ልጅ ሩት እንኳ፣ አራት ዓመቷ ነው፣ አያቴ ስንት ቀን ትቀመጫለሽ ብላ ጣቶቿን ዘረጋችልኝ። ቤት ሙሉ ሰው ቀኔን ይቆጥራል እንዴ ብዬ ግራ ገባኝ።

ከዚያ የማድርበትን ክፍል አሳዩኝ። አምና የሚልክያስ ኮተት የሚከማችበት፣ ከሳሎኑ ጎን ያለው ክፍል ነው። አሁን ቀለም ተቀብቷል፣ አረንጓዴ መጋረጃ ተሰቅሎበታል፣ ፍራሹ ገና ከነላስቲኩ ነው። አልጋው ግን እግሮቹ በመጋዝ ተቆርጠው ከመሬት ብዙም አይነሣም። የማን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ባልና ሚስት ተያዩ። ሚልክያስ የእንግዳ ነው አለኝ። የየትኛው ድንክ እንግዳ ነው ብዬ ቀለድኩበት። ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። እኔም የእንግዳ የምትለዋን ቃል ዋጥኩና አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። ለሳቅ የሚሆን አልጋ ነው፣ ልክ ሩትን ያህል። የቶማን ፎቶ ከነጠላው አላወጣሁትም።

ቅዳሜ ሚልክያስ በረንዳ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። የዳሞታ ተራራ ከነጉሙ ፊት ለፊታችን ነው። ጓሮውስ እንዴት ነው፣ አልከበደሽም ወይ አለኝ። እህቴ፣ በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። እኔ ግን በዚያ መቼ ትመለሺያለሽ በሚሉት ነገር ተናድጄ ነበርና ምን ይከብደኛል፣ እንሰቱ እንደ ዘንድሮ አምሮ አያውቅም፣ ለማን ትቼው እሄዳለሁ ብዬ ግማሽ ሰዓት ፎከርኩ። ስለ ፍልፈሉ ትንፍሽ አላልኩም። ልጄም ይኼንንማ እናውቃለን ብሎ አንገቱን ደፋ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? የእኔው እዚያ በረንዳ ላይ ነቀዘ።

ያን ቀን ሜላትና ትህትና ጥግ ጥጉን ሲንሾካሾኩ፣ እኔ ብቅ ስል ደግሞ ዝም ሲሉ ዋሉ። ባልዲዬ ግን ታጥባ ከትህትና ድስቶች አጠገብ ተደርድራለች። ልቤን በእሷ ላይ ጣልኩ። ውሃ ልጠጣ እያልኩ አራት ጊዜ ሄጄ አየኋት፤ ትህትና እማዬ ስኳር በሽታ ይኖርብሽ ይሆን እንዴ፣ እንመርመርሽ አለችኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ባልዲዬ ከቦታዋ የለችም። ምሳ ቀረበ፤ ምን እንደ በላሁ ብትጠይቂኝ አላውቅም። ከምሳ በኋላ ሜላት ባልዲዋን በሁለት እጇ ታቅፋ መጣች። ስኳር፣ ሩዝ፣ ሳሙና፣ ለጉልበቴ የሚቀባ መድኃኒት ሳይቀር እስከ አፏ ሞልተዋታል፤ ቀዩ ክዳን አልገጥም ብሎ በሻርፕ ታስሯል። ባዶሽንማ አትሄጂም አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። ትህትና ሩትን አቅፋ ወደ ጓዳ ገባች፣ ሚልክያስ ስልኩን ማየት ጀመረ። እኔም አመሰገንኩ፣ መረቅሁ፣ ሳቅሁም። ውስጤ ግን ፍርስ አለ። መሄዴ እንዲህ የሚያስለቅሳቸው ከሆነ ለምን ይሸኙኛል? ካልፈለጉኝስ ማን አልቅሱ አላቸው? ሰኞ ጠዋት የቶማን ፎቶ እንደተጠቀለለ ይዤ ተመለስኩ።

ማክሰኞ እታፈራሁ ዶሮዎቹን ላምጣልሽ ወይ ልትለኝ መጣች። ፊቴን አይታ አስጨነቀችኝ፣ ነገርኳት። ጭንቅላቷን ይዛ ጮኸች። ለካ ከጊፋታ በፊት ሜላት ደውላላት ኖሯል! እናታችንን እኛ ዘንድ ልናመጣት ክፍል እያዘጋጀን ነው፣ እሺ ትላለች ወይ ብላ ጠይቃታለች። እታፈራሁ ምን ብትል ጥሩ ነው? እሷን ከእንሰቷ የሚለያት ሞት ብቻ ነው፣ ብትጠይቋት ትቆጣችኋለች፣ ራሷ እስክታነሣው ጠብቁ ብላ መከረቻቸው። ለእኔም ላትነግረኝ ምላላቸዋለች። እኔን ያወቀች መስሏት ነው፤ ማን ይፈርድባታል፣ እኔም ራሴን ያወቅሁ መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ የቱን ልመን? ቀኔን የጠየቁኝ እንድሄድ ነው ወይስ አልሄድም እንድላቸው? ባልዲዋን የሞሏትስ? ሜላት የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች የእታፈራሁን ሳህን ባዶውን መልሳ ጆሮዋን ቆንጥጬ፣ በቆሎ አስይዤ ዳግም እንደላክኋት ትዝ አለኝ። ያስተማርኳትን ነው ያደረገችው፤ በገዛ ቁንጥጫዬ ተሸኘሁ ማለት ነው። ደግሞ ዞር እልና፣ ፉከራዬን ሰምተው እፎይ ብለውስ ቢሆን እላለሁ። ትህትናም እናት አላት፤ ክፍሉን ለእሷ አስበውትስ ቢሆን? እንዲህ ስገለባበጥ ሌሊቱ ነጋ።

ትናንት ግን አልጋዬ ላይ ልቀመጥ ሄድኩ። የቶማን ከፍ ያለ አልጋ ታውቂዋለሽ፤ ለመውጣት ጉልበቴን በእጄ ማንሣት አለብኝ። እንደ ልማዴ ጉልበቴን በእጄ ይዤ ሳለሁ ነው ቀጥ ብዬ የቀረሁት። ሶዶ ሦስት ቀን ስተኛና ስነሣ ጉልበቴን አንድም ጊዜ በእጄ አላነሣሁትም። እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ለመጣ ለሄደው እንግዳ ብሎ አዲስ አልጋ በመጋዝ የሚቆርጥ ሰው አለ? እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ሳለቅስም እርግጠኛ አልነበርኩም።

ልደውልላቸው ሦስት ጊዜ ስልኩን አነሣሁ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁ። በስልክ ኩራቴ ይቀድመኛል። ስለዚህ የፊታችን ቅዳሜ ተመልሼ እሄዳለሁ። ጌዴዎንም ቢሆን ሁለት ጊዜ ነው የጠየቀው፤ መጀመሪያ ጠጉሩ እንዲረጥብ፣ ቀጥሎ ጠጉሩ እንዲደርቅ። የሰጡኝን ለእታፈራሁ ገልብጬላታለሁ፤ ባልዲዋን አጥቤ ፀሐይ ላይ ደፍቻታለሁ። ቅቤ የለ፣ ቡላ የለ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ ዕቃ ይዤ ደጅ ልረግጥ ነው። እናታችን በሕይወት ብትኖር ታፍርብኝ ነበር። ባዶዋን ትህትና እጅ ላይ አስቀምጬ ይህችን ከድስቶችሽ አጠገብ አድርጊልኝ እላታለሁ። ከዚያ ወዲያ ምን እንደምል አላውቅም። ገና ሳስበው ፊቴ ይግላል።

እንግዲህ ጋሽ ደግፌን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ፤ የሸንኮራ መኪና ሲቆጥሩ አንዱን ለእኔ ብለው ይቁጠሩልኝ። ህብረትን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ እናቷን ቶሎ ቶሎ ትጠይቅ፤ አፏን ከፍታም ትጠይቅ፣ እናቷ እንደ እኔ ግትር ናት። ለቤኒ ፈተናውን ጌታ ያሳልፈው። በግቢያችሁ ያሉትን የአገራችንን ሰዎች ሁሉ ሰላም በይልኝ። አንቺም ወገብሽን ጠብቂ፣ ውሃ አትሸከሚ።

መልስሽን ወዴት እንደምትልኪው እኔም አላውቅም። አንዱን ለእታፈራሁ ወደ ቢጠና፣ አንዱን ለሚልክያስ ወደ ሶዶ አድርገሽ ሁለት ጻፊ፤ አንደኛው ያገኘኛል። ዶሮዎቹን ግን እንድትመልስልኝ አልጠየቅኋትም።

ታናሽ እህትሽ አልጋነሽ
ቢጠና፣ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.